«ማይ ከዝን ቪኒ»፦ የተወደደውን ያህል ይገባዋል?

የፊልም ወዳጅ

ሰሞኑን ስለ ፍርድ ቤት ፊልሞች ስናወራ አንድ ልጅ «ማይ ከዝን ቪኒ ዝም ብሎ የተካበደ ፊልም ነው» ብሎ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ለዚህ ፊልም መሟገት ስለምፈልግ ክር ከፈትኩለት።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቢልና ስታን የሚባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ልጆች በመኪና አላባማን እያቋረጡ ነው። መንገድ ላይ ከአንዲት ሱቅ ዕቃ ይገዛሉ። ቢል አንድ የቱና ጣሳ ኪሱ ከትቶ ሳይከፍል ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ፖሊስ ሲይዛቸው ነገሩ የቱናው ይመስላቸዋል። ለካስ የሱቁ ሻጭ ተገድሏል። ቅጣቱ የኤሌክትሪክ ወንበር ነው። ለጠበቃ የሚከፍሉት ስለሌላቸው የቢል ዘመድ ቪኒ ይጠራል። ቪኒ የጥብቅና ፈተናውን ያለፈው በ6ኛ ሙከራው ነው፤ ፈቃድ ካገኘም 6 ሳምንቱ ነው። አንድም ቀን ችሎት ቆሞ አያውቅም።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዴል ላውነር ጻፈው፣ ጆናታን ሊን አዘጋጀው። ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ60 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ቪኒን የሚጫወተው ጆ ፔሺ ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በ«ሆም አሎን» ሌባነቱ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሰው ይህን ፊልም የሚያወድሰው በፔሺ ምላስ ነው። እኔ ደግሞ ትልቅነቱ ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። እዚህ ፊልም ውስጥ የሚዋሽ ምስክር የለም። አስቡት እስኪ። በሌሎች የፍርድ ቤት ፊልሞች መጨረሻ ላይ አንድ ክፉ ሰው በጥያቄ ተወጥሮ «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። እዚህ እንዲህ ያለ ሰው አታገኙም። ዐቃቤ ሕጉ ትሮተር ሸረኛ አይደለም። ቪኒ መዝገቡን በዘዴ አገኛለሁ ብሎ አደን ድረስ አብሮት ሲሄድ፣ ትሮተር ሳያንገራግር ፋይሉን በሙሉ ኮፒ አስደርጎ ይሰጠዋል። ሸሪፉ ለልጆቹ የተለየ ጥላቻ የለውም። ዳኛው ኮስታራ ነው እንጂ አያዳላም። ሦስቱም የዓይን ምስክሮች አየን የሚሉትን በእርግጥ ያዩ ይመስላቸዋል። ሁሉም በቅን ልቦና ሁለት ንጹሐን ልጆችን ወደ ሞት እየገፉ ነው። የሚያስፈራውም የሚያስቀውም ይኸው ነው።

ችሎት የቆመ

የከፈትከው ጨዋታ ደስ አለኝ። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ሥራዬ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ይህን ፊልም በሙያዬ ዓይን ነው የማየው።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008 ታላላቅ የሕግ ፊልሞችን ሲመርጥ ይህን 3ኛ አድርጎታል። ከሱ በላይ ያሉት «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እና «12 አንግሪ ሜን» ናቸው። ለኮሜዲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዘጋጁ ጆናታን ሊን በካምብሪጅ ሕግ የተማረ ሰው ነው፤ ያ ትምህርት ፊልሙ ላይ ያስታውቃል።

የባለመነጽሯን እናት ትዕይንት ልብ በሉ። ወይዘሮ ራይሊ ልጆቹን ከ100 ጫማ ርቀት አየኋቸው ብላ መስክራለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ መነጽሯም ወፍራም ነው። ልምድ የሌለው ጠበቃ ቢሆን «አታዪም አይደል?» ብሎ ይጮህባት ነበር። እሷም ትቆጣለች፣ ተመልካቹም ያዝንላታል። ቪኒ ግን ሜትር ያወጣል። ያለችውን ርቀት ግማሽ ብቻ ይለካና ይቆማል። ከዚያ ሁለት ጣቱን ያነሳል። መቁጠር አቃታት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አላዋረዳትም። እሷው በገዛ አፏ መነጽሯን መቀየር እንዳለባት ትናገራለች፤ ችሎቱም በፈገግታ ይሸኛታል።

በእኛ አገር የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 ላይ የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ ተጽፏል። በዋና ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው። ብዙ ጠበቃ ሦስተኛውን ብቻ ያሳድዳል፤ ምስክሩን ሐሰተኛ ሊያደርግ ይሞክራል። ቪኒ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ለጀማሪ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሰብሊ

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ስቄበታለሁም። «ድንቅ» የሚለው ግን ይከብደኛል።

አንደኛ፣ ሰው ሞቷል እኮ! ጂሚ ዊሊስ የሚባል ሻጭ በጥይት ተገድሏል። በፊልሙ በሙሉ ስለሱ የሚያለቅስ አንድ ሰው አለ? እናት የለችው፣ ሚስት የለችው፣ ችሎት መጥቶ የሚቀመጥ ወንድም የለው። ሞቱ ቀልዱን ማስነሻ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እስር ቤት ውስጥ ስታን ቪኒን ሌላ ዓይነት ሰው አድርጎ የሚፈራበት ትዕይንት አለ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አስቆ ይሆናል። ቀልዱ ያለው እስረኛ በመደፈሩ ላይ ነው፤ ዛሬ እሱን አይቼ መሳቅ አልችልም።

ሦስተኛ፣ «የሚዋሽ የለም» አልክ። ቪኒስ? ዳኛውን ስለ ልምዱ ዋሽቶታል። ሲጣራበት ሌላ ጠበቃ ስም ሰጠ። ያ ጠበቃ መሞቱ ሲታወቅ ስሙን አንድ ፊደል ቀይሮ እንደገና ዋሸ። ፊልሙ ውስጥ ፍርድ ቤት ፊት ሆን ብሎ የሚዋሽ አንድ ሰው ቢኖር ጀግናችን ነው። ደግሞ አልተቀጣበትም። መጨረሻ ላይ እጮኛው ኒው ዮርክ ያለ ዳኛ ወዳጃቸውን ለምና በውሸቱ ላይ ማረጋገጫ አስላከችለት። ይህን ነው «ለጀማሪ ጠበቃ ማሳያ» የምትሉት?

የፊልም ወዳጅ

ሰብሊ፣ እኔ ያልኩት የሚዋሽ ምስክር የለም ነው። የቪኒን ውሸት ግን ፊልሙ በነጻ አሳለፈው፤ እዚያ ላይ አንቺን አልሞግትም። ስለ እስር ቤቱ ትዕይንትም እንደዚያው።

ስለ ሟቹ ያነሳሽው ግን ከባድ ነው። እኔ የማየው በዚህ በኩል ነው። ፊልሙ የሚናገረው ስለ ግድያው አይደለም፤ የመንግሥት ማሽን አንዴ ከተነሳ በኋላ እንዴት አላቆምም እንደሚል ነው። ቪኒ እስር ቤት ያደረባትን ሌሊት አስታውሺ። ሰውየው ሆቴል በተኛ ቁጥር የፋብሪካ ፊሽካ፣ ባቡር፣ አሳማ እንቅልፍ ነስተውታል። ጫጫታ በሞላው እስር ቤት ግን እንደ ሕፃን ተኛ፤ እሱ የለመደው የኒው ዮርክ ጫጫታ ነውና። በማግስቱ ችሎት ሲገባ ሌላ ሰው ነው። እኔ እዚህ ላይ የፊልሙን ጨዋነት አያለሁ፤ ጀግናውን በተአምር አዋቂ አላደረገውም። እንቅልፍ ሰጠው፣ ፋይሉን አስነበበው፣ ቦታውን አስጎበኘው። ያሸነፈው በሥራ ነው።

አትላንታ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጆርጂያ ነው የምኖረው። ፊልሙ አላባማ ይበል እንጂ የተቀረፀው እዚህ ነው። ቢቸም የሚባለው አውራጃም የፈጠራ ነው። የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ያለው ሞንቲሴሎ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጃስፐር አውራጃ ውስጥ ነው። ከአትላንታ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የሚገርመው፣ በታሪኩ እውነተኞቹ ገዳዮች የተያዙት የት ነው ሲባል ሸሪፉ «ጃስፐር አውራጃ፣ ጆርጂያ» ይላል። ለቀረፁበት ቦታ የተሰጠ ሰላምታ አድርጌ ነው የማየው።

ስለ ግሪትስ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ያላችሁ ይህችን ቀልድ ግማሽ ብቻ ነው የምትስቁት። ግሪትስ የበቆሎ ቅንጬ በሉት። እዚህ በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ ለቁርስ ይቀርባል። በወጉ ሲሠራ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ቶሎ የሚደርስ የፋብሪካ ዓይነትም አለ፤ ደቡባዊ ሰው ግን በሱ አይታማም። ምስክሩ ቲፕተን ልጆቹ ሱቅ ሲገቡ ቁርስ መሥራት ጀመርኩ፣ ልበላ ስቀመጥ ተኩስ ሰማሁ ብሏል። በመሀሉ 5 ደቂቃ ነበር ይላል። ቪኒ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ግሪትሱ ፈጣኑ ነው ወይስ በወጉ የሚበስለው? ሰውየው ፈርጠም ብሎ ክብሩን የሚያውቅ ደቡባዊ ፈጣኑን አይነካም አለ። አለቀ! ክብሩን ሲጠብቅ ምስክርነቱን አፈረሰ። 20 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ልጆቹ ወጥተው ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል።

ፊልሙ የአሜሪካ ደቡቦችን ያላግጥባቸዋል የሚል ክስ እዚህ እሰማለሁ። እኔ ግን ቪኒ ይህን ዕውቀት ያገኘው ከአገሬው ሰው እንደሆነ አስባለሁ። ቁርስ ቤት ገብቶ ግሪትስ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጠየቀ፤ ምግብ ሠሪው አስረዳው። አገሩን ሳይማር ክሱን ማሸነፍ አይችልም ነበር።

የካዛንቺስ ልጅ

የቪኒን እጮኛ የምትጫወተው ማሪሳ ቶሜይ ለዚህ ፊልም ኦስካር ያገኘችው በስህተት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሽልማቱን ያበረከተው ተዋናይ ጃክ ፓላንስ ካርዱን ማንበብ አቅቶት የሷን ስም ጠራ ይባላል። እውነት ነው?

የፊልም ወዳጅ

ይህች ወሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሞት አለች። ውሸት ናት። ድምፅ የሚቆጥሩት የሒሳብ ባለሙያዎች መድረክ ጀርባ ይቆማሉ፤ የተሳሳተ ስም ከተጠራ ወጥተው የማረም ግዴታ አለባቸው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 ሁላችንም አይተናል። «ላ ላ ላንድ» ተብሎ ተጠርቶ፣ ባለቤቶቹ መድረክ ላይ ንግግር እያደረጉ ሽልማቱ ለ«ሙንላይት» ተመልሷል። በ1993 እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም።

ወሬው የተወለደው በንቀት ነው። አብረዋት የታጩት ቫኔሳ ሬድግሬቭ፣ ጆአን ፕላውራይት፣ ሚራንዳ ሪቻርድሰን እና ጁዲ ዴቪስ ነበሩ። አንዲት ብዙም ያልታወቀች ልጅ፣ ያውም በኮሜዲ፣ እነዚህን ትበልጣለች ብሎ ማመን ለብዙ ሰው ከበደው። ቶሜይ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ታጭታለች፤ በ«ኢን ዘ ቤድሩም» እና በ«ዘ ሬስለር»። ይህ የስህተት ዕድለኛ ሰው ታሪክ አይደለም።

ባለ ጋራዡ

እኔ የመጣሁት ለቪኒ እጮኛ፣ ለሞና ሊሳ ቪቶ ነው። ሌላውን እናንተ ተጨቃጨቁ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ፊልም ውስጥ ስለ መኪና ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮዬን እይዛለሁ። እሷ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የመኪና ባለሙያ ምስክር ሆና ችሎት ስትናገር ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትሮተር ሊያዋርዳት ፈልጎ ጥያቄ አቀረበላት። የ1955 ሼቭሮሌት ቤል ኤር፣ 327 ሞተር ያለው፣ የማቀጣጠያ ታይሚንጉ ስንት ነው አላት። ጥያቄው የተንኮል ጥያቄ ነው፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም አለችው። ለምን? ሼቭሮሌት በ1955 ያን ሞተር አልሠራም፤ 327 የወጣው በ1962 ነው። ይህ እውነት ነው፣ አልተፈጠረም።

ከዚያ ገዳዮቹ ሲያመልጡ መኪናቸው የተወውን የጎማ አሻራ ፎቶ ታየዋለች። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ተሽከርክረው አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ትተዋል። ተራ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ጉልበቱን አንዱ ጎማ ላይ ይጨርሰዋል። ጭቃ የያዘው መኪና ገፍታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ጎማ ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ስለዚህ ይህ መኪና ሁለቱን ጎማ አብሮ የሚያዞር ልዩ ዲፈረንሻል አለው። ያ ደግሞ በልጆቹ የ1964 ቢዩክ ስካይላርክ ላይ አልነበረም። ቀጥላ ግራው ጎማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲወጣ የቀኙ አሻራ እንዳልተዛባ ታሳያለች። የስካይላርክ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ነው፤ አንዱ ጎማ ከፍ ሲል ሌላው ማዘንበልና በጫፉ መሄድ አለበት። እዚህ አላዘነበለም። ስለዚህ ጎማዎቹ ለየብቻቸው የተንጠለጠሉበት መኪና ነው። ይህን ሁሉ የሚያሟላው የ1963 ፖንቲያክ ቴምፐስት ነው።

አንድ ቦታ ግን አልስማማም። ሁለቱ መኪኖች ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያላቸው ርቀት አንድ ነው ትላለች። አይደለም። ቴምፐስቱ 112 ኢንች ነው፣ ስካይላርኩ 115። ችሎቱ ውስጥ እኔ ብኖር እጄን አነሳ ነበር። ዋናውን ነገር ግን አይነካውም፤ የዲፈረንሻሉና የአክስሉ ነገር በደንብ ይቆማል።

አስተርጓሚዋ

የማንም ዓይን ያልገባችውን ትዕይንት እኔ ላንሳ። እዚህ ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ፤ ስለዚህ ይቺ ነገር ትቆረቁረኛለች።

ቢል ሸሪፉ ጋ ተቀምጦ ስለ ቱናው እየተናዘዘ ነው። ሸሪፉ ድንገት ሻጩን መቼ ተኮስከው ይለዋል። ቢል ደንግጦ «ሻጩን ተኮስኩት?» ይላል። ግራ ገብቶት ደግሞ ይደግማታል። ኋላ ችሎት ላይ ሸሪፉ ወረቀቱን አውጥቶ ያነባል። «ሻጩን ተኮስኩት።» ድምፁ ዝርግ ነው፤ ግርምት የለበት፣ ጥያቄ የለበት። ሸሪፉ ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም። ልጁ ግን ተናዞ ተገኘ።

ተመልካቹ ይስቃል። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ነው ያየሁት። ተከሳሽ ሲደናገጥ የተጠየቀውን መልሶ ይደግማል፣ በተለይ የፈራ ሰው። ቃለ መጠይቁ በድምፅ ካልተቀረፀ ወረቀት ላይ የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው። አንድ አስቂኝ ፊልም ይህን በሁለት አጭር ትዕይንት አሳየው፤ ሰው ሳይመታ፣ ማንም ሳይዋሽ በንጹሕ ወረቀት ብቻ እንዴት ወንጀለኛ እንደሚሆን። ስለዚህ ለእኔ ይገባዋል።

ችሎት የቆመ

አስተርጓሚዋ ያልሽው እኛም ጋ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። የተከሳሽ ቃል በመርማሪው እጅ ይጻፋል፤ ችሎት የሚደርሰው የመርማሪው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰብሊ፣ ስለ ሥነ ምግባሩ ልመልስልሽ። ቪኒ ያደረገውን እኔ ባደርገው ፈቃዴ ይነጠቃል፤ መነጠቅም አለበት። ሌላም ችግር አለ። ስታን መሀል ላይ ቪኒን ትቶ መንግሥት የመደበለትን ተከላካይ ጠበቃ ይዞ ነበር። ያ ሰው ሲንተባተብ ካየ በኋላ ቪኒ እንደገና ለሁለቱም ይቁም አለ። የሁለት ተከሳሾች ጥቅም ሊጋጭ ይችላል፤ አንዱ «እሱ ነው» ቢል ምን ይሆናል? ፊልሙ ይህን አላነሳም።

በሌላ በኩል ቪኒ ፋይሉን በአደንና በወዳጅነት ለማግኘት ሲደክም፣ እጮኛው ገላልጣ ያየችው የሕግ መጽሐፍ ያሳፍረዋል። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን የመስጠት ግዴታ አለበት ትለዋለች። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ለተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ሰጥቶታል። ይህን መብቱን ሳያውቅ ችሎት የሚቆም ተከሳሽ ስንት ነው! ሕግን ለሕዝብ ማስተማር ከተፈለገ እንዲህ ነው።

ሰብሊ

ጠበቃው ያልከው ሁሉ ፊልሙ ጠቃሚ ነው የሚል ነው። ጠቃሚና ድንቅ ለየቅል ናቸው።

አጨራረሱን ደግሞ እዩት። ቪኒ በሙያ ያሸነፈው ግሪትሱንና መነጽሩን ነው። ፍርዱን የዘጋው ግን ሸሪፉ ያመጣው ወሬ ነው። ቴምፐስት የሚነዱ ሁለት ልጆች ተይዘዋል፣ ሽጉጡም ተገኝቷል፤ ክሱ ተነሳ። ገዳዮቹ ባይያዙስ? ዳኞቹ፣ ማለቴ እዚያ ለመፍረድ የተቀመጡት ተራ ሰዎች፣ በጥርጣሬ ብቻ ነጻ ይሏቸው ነበር? እኔ ማየት የምፈልገው ያንን ነበር። «12 አንግሪ ሜን» ያንን አሳየ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳንሰማ ወጣን። ለዚህ ነው ያኛው ታላቅ የሆነው፤ ይህኛውን 3ኛ አላደርገውም።

የፊልም ወዳጅ

በዚህ ላይ በደንብ አልስማማም። ሸሪፉ ለምን ሄዶ አጣራ? ቪኒ ስለጠየቀው። ወንጀል የያዘው ያው ሸሪፍ፣ የተሟገተው ጠበቃ ወረቀት ሲሰጠው «ሥራዬ አይደለም» አላለም። ሄደ፣ ደወለ፣ ያገኘውን ችሎት መጥቶ ተናገረ፤ ያውም የራሱን ክስ እያፈረሰ። የዐቃቤ ሕጉ የመኪና ባለሙያም እንደዚያው ነው። ቪኒ መልሶ ሲጠራው እሷ ያለችው ትክክል ነው አለ። ይህን አጋጣሚ አልለውም። ከመጀመሪያ ያልኩት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ቅን ናቸው፤ እውነቱን ያየላቸው ሰው አጥተው ነበር።

ባለ ጋራዡ

ቅንነት ካላችሁ ከሞና ሊሳ የሚበልጥ የለም። ቪኒ ሊጠይቃት ሲነሳ የተጣሉ ናቸው፤ መመስከር አልፈልግም ብላለች። ፎቶውን አሳያትና የመከላከያው ክርክር ውሃ ያነሳል ወይ ብሎ ጠየቃት። ክርክሩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ስካይላርክ ይነዱ ነበር የሚል ነው፤ የእጮኛዋ ክርክር ነው። «አያነሳም! መከላከያው ተሳስቷል!» አለች። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ። ያ መኪና ስካይላርክ ስላልሆነ «አያነሳም» አለች፤ የማን ወገን እንደሚጎዳ አልጠየቀችም።

ሰብሊ

ባለ ጋራዡ፣ የሞና ሊሳን ኦስካር እኔም በሁለት እጄ እሰጣለሁ። ፊልሙን ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ግን እሷ ከምስክር ወንበር ስትወርድ ካሜራውን ወደ ታዳሚው ባዞሩት እላለሁ። እዚያ የጂሚ ዊሊስ እናት ብትቀመጥ፣ የልጇ ገዳይ ሌላ ሰው መሆኑን ከአንዲት ፀጉር ሠሪ አፍ ስትሰማ ብናይ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቀልዱንም አይነካውም ነበር።